አረንጓዴው መጋረጃና የእትዬ ስፌት

የትንሿ እጆች ስፌት እየተረተሩ ነበር። በግራ እጇ የወንድ ሱሪ ወገብ ይዛለች፤ በቀኟ ደግሞ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ግማሽ ምላጭ። ክሩን በየሦስት ስፌቱ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ከኋላ በኩል ይዛ አንዴ ሳብ ስታደርገው እንደ ሽበት ተመዞ ይወጣል። ጨርቁን ጭረት አይነካውም። ጣቶቿ ሥራውን ስለለመዱት ዓይኗን ጨፍና ብትሠራው እንኳ አትስትም።

ትንሿ የሚሏት ትንሽ ሆና አይደለም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ ጉልበቷ ደረጃ ስትወጣ ይንቋቋል፤ መነጽሯም በክር ተንጠልጥሎ ደረቷ ላይ ነው የሚውለው። ግን ታላቅ እህት አላት፣ ታላቅ እህት ያላት ሴት ደግሞ መቼ ታድጋለች? ታላቂቱን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላት፤ ጎረቤቱም፣ ደንበኛውም፣ በዕድሜ የሚበልጧት እንኳ ሳይቀሩ።

የልብስ ስፌት ሱቃቸው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። እትዬ ከመስኮቱ ሥር በስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ትንሿ ከበሩ ጀርባ፣ ዝቅተኛ ወንበር ላይ፣ የቁልፍ ቆርቆሮዋን እግሯ ሥር አድርጋ። ከኋላ በኩል ባለችው ጠባብ ጓዳ ደግሞ ልብስ ተኳሹ ከካውያው ጋር ቆሞ ይውላል። እሱን «ጋሽ እንፋሎት» ነው የሚሉት። ከእንፋሎቱ መሐል ፊቱ ሳይታይ ድምፁ ብቻ ስለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ ቀን ይደነግጣል።

እትዬ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ሜትሩን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ለወጉ ነው። ሰው በር ላይ ሲቆም አየት አድርጋው «ትከሻ አርባ ሁለት፣ እጅጌ ስድሳ» ትላለች፤ ሲለካም ያው ነው። ወረቀት ላይ ጽፋ አታውቅም። የሰፈሩ ሰው ወገብ በሙሉ፣ ማን በስንት እንደጨመረ፣ ማን በስንት እንደቀነሰ፣ እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

«እትዬ አፏን የከፈተች ዕለት የስንቱ ጉድ ይወጣል!» ይላል ጋሽ እንፋሎት።

ትንሿ ደግሞ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትዘመዝማለች፣ ትተረትራለች። ደንበኛ ሲገባ አንገቷን ደፍታ «እትዬን ጠብቁ» ትላለች፤ ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። እትዬ ለሁለት ስለምታወራ የሷ ዝምታ ማንንም አጉድሎ አያውቅም ነበር።

ለአርባ ዓመት የተረተረችው ሰው የወፈረበትን፣ የከሳበትን፣ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ የሚተላለፈውን ልብስ ነው። የእትዬን ስህተት ተርትራ አታውቅም ነበር፤ ስህተት የለማ! አሁን በእጇ የያዘችው ሱሪ ግን ሁለቱም ኪሱ በአንድ ጎን ነው የተሰፋው። እትዬ ራሷም ከመስኮቱ ሥር የለችም። ሆስፒታል ከገባች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ሳምንት በፊት፣ በአንድ ኮሌታ ነበር። ኮሌታው ተገልብጦ ተሰፍቷል። ትንሿ ባየችው ጊዜ ብቻዋን ሳቀች፤ «እትዬም ለካ ሰው ናት» ብላ። እትዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ኮሌታውን ተርትራ፣ ራሷ መልሳ ሰፍታ፣ ከቦታው ሰቀለችው። በማግስቱ እጅጌ ሆነ። ከዚያ አንድ እግሩ ከሌላው የሚረዝም ሱሪ። ከዚያ ቀሚስ ላይ የተሰፋ የሸሚዝ ኪስ። ትንሿም በየቀኑ ከምሳ በኋላ ቀስ ብላ ትተረትራለች፣ ትሰፋለች፣ ትሰቅላለች። ለማንም አልተናገረችም። እትዬ በስፌቷ የምትኮራውን ያህል ማንም በልጁ አይኮራም፤ ይህችን ኩራት ከእጇ ማስጣል ለትንሿ ሥጋዋን የመቁረጥ ያህል ነበር።

እትዬ ግን እየባሰባት ሄደች። እንቅልፍ እምቢ አላት። ልኬት ይጠፋባት ጀመር፤ አንድ ሰው ሦስቴ ለክታ አራተኛ «ና ልለካህ» ትላለች። ከዚያ መቀሷን የለወጡባት መሰላት። ከዚያ መኪናዋ ስሟን እየጠራች የምታማት መሰላት። አንድ ቀን መቀሱን፣ ሜትሩን፣ የጠመኔውን ሣጥን ጠራርጋ መንገድ ላይ ወረወረችና ትንሿን አፍጥጣ እያየች «አንቺ ማነሽ? እህቴን የት አደረግሻት?» አለቻት።

ትንሿ መንገድ ላይ ወጥታ መቀሱንና ሜትሩን ለቀመች።

ሰፈር ውስጥ ያለው ክሊኒክ «ጭንቀት ነው» ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠ። አልሆነም። ትልቁ ሆስፒታል ሲገቡ የነርቭ ሐኪሟ፣ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የያዘች ቀልጣፋ ሴት፣ ትንሿን በደንብ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ መቼ ነው የጀመራት?»

ትንሿ አንገቷን ደፋች።

«በሥራዋ ላይ ለውጥ አይተዋል? እጇ ይሳሳታል?»

«ኧረ እትዬ አትሳሳትም» አለች ትንሿ። አፏ ከልማዱ አልወጣ ብሎ ነው። «ድካም ነው። ቆይቷል መሰለኝ። ድሮም ቁጡ ናት።»

ሐኪሟ የተነገራትን ጻፈች። የተነገራት ደግሞ ለዓመታት ቀስ እያለ የመጣ የአእምሮ ሕመም ይመስላል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሌላ ከተማ ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እንድትዛወር ደብዳቤ ተዘጋጀ። «እዚያም ጥሩ ሐኪሞች አሉ፣ አይዞዎት» አለች ሐኪሟ በቅንነት። ትንሿ ግን የሰማችው ሌላ ነው። እትዬ ትሄዳለች፤ ስትሄድም ትንሿን ሳታውቃት ነው።

እንግዲህ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ትንሿም ሱሪውን ይዛ ከበሩ ጀርባ ተቀምጣለች። ኪሶቹን ፈታ ጨረሰችና ወደ ጎኑ ስፌት ዞረች። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። ምላጩን አስጠጋች። እጇ ቆመ።

ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ድንገት የጥፍር ያህል ወደ ግራ ዘለል ይላል፤ ወዲያው ተመልሶ ቀጥ ይላል። ትንሽ ሄዶ እንደገና ዘለል። እንደገና ቀጥ። የተሳሳተ ሰው ስፌት እንዲህ አይደለም። የተሳሳተ ሰው መስመሩን ይዞ ይጣመማል፤ ይህ ግን አንድ ሰው በየመሐሉ ክንዷን ጎንተል እንዳደረጋት ነው።

«ምነው፣ ምላጩ ደነዘ?» አለ ከእንፋሎቱ ውስጥ ጋሽ እንፋሎት።

«ጋሼ፣ እትዬ እጇን እንዲህ ታደርግ አልነበር?» ትንሿ ቀኝ ክንዷን ፈጠን አድርጋ ወደ ላይ ነጠቅ፣ ከንፈሯንም በዚያው በኩል ሸምቀቅ አደረገች።

ጋሽ እንፋሎት ካውያውን አቁሞ ብቅ አለ። «አዎ! ትንኝ የምታባርር መስሎኝ ነበር እኮ። ሻይዋንም ሁለቴ ደፍታለች።»

«በዚህ ወቅት ትንኝ አለ?»

«የለም» አለ ጋሽ እንፋሎት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እያሰበ።

ትንሿ ወለሉን አየች። የተተረተረ ክር በየቀለሙ ክምር ሆኖ እግሯ ሥር ተቀምጧል። ሐኪሟ «መቼ? እንዴት?» ብላ የጠየቀቻት ሁሉ እዚህ ክር ውስጥ ነበር፤ እሷ በገዛ ምላጯ እየመዘዘች ጣለችው። የሰባት ሳምንት መልስ! ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ሁሉንም ተርትሬዋለሁ ጋሼ። አንድም አላስቀረሁ።»

«ይሄ ሱሪ አለልሽ።»

«በአንድ ሱሪ ማን ያምነኛል? ቁልፍ ተካይ ነኝ።»

ጋሽ እንፋሎት አገጩን አከከ። «የትምህርት ቤቱን መጋረጃስ? እሱንም ተርትረሽዋል?»

ትንሿ ፊቷን ገለጠች።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጋረጃ አረንጓዴ፣ ከባድ፣ ስምንት ክፋይ ነው፤ እያንዳንዱ ክፋይ አራት ሜትር ይረዝማል። እትዬ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ ከሌላው ሥራ መሐል፣ አንድ በአንድ ሰፍታ ጨርሳዋለች። ትንሿ ያን ሁሉ ተርትራ ለመስፋት ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት አልበቃትም፤ ጨርቁም ከጉልበቷ በላይ ነው። እንዳለ ሄደ። እትዬ ደግሞ ድሮም ክፋይ ያለው ሥራ ሲመጣ ጀርባው ላይ በጠመኔ የሰፋችበትን ተራ ቁጥር የመጻፍ ልማድ አላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ስምንት።

ትንሿ ምላጩን በጨርቁ ጠቅልላ አስቀመጠችና ተነሣች።

ትምህርት ቤቱ የደረሰችው ተማሪው ወጥቶ ሲያልቅ ነው። አዳራሹ ክፍት ነበር፤ አምፖል ለመቀየር የቆመ መሰላልም አገኘች። ማስፈቀድ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን ማስፈቀድ መናገር ነው። ከመናገር መሰላል መውጣት ቀለላት። ጉልበቷ እየተንቋቋ ወጥታ ሦስተኛውን ክፋይ ከቀለበቱ ስታላቅቅ ከታች ድምፅ መጣ።

«እማማ! ምን እየሠሩ ነው?»

ዘበኛው ነው፤ ዱላውን እንደ ጠመንጃ አንግቷል።

«መጋረጃ... እያወረድኩ» አለች ትንሿ።

«እሱንማ አየሁ። እኔ እዚህ በር ላይ ስንት ዓመቴ ነው፣ ወንበር ሲሰረቅ አይቻለሁ፣ ኳስ ሲሰረቅ አይቻለሁ፤ አሮጊት መጋረጃ ስትሰርቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ይውረዱ!»

«እኛ ነን የሰፋነው።»

«ሰፍቶ መልሶ መስረቅ! ይሄማ ባሰ።»

ርዕሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ትንሿ መሰላሉ ላይ እንዳለች፣ አረንጓዴው ጨርቅ እስከ አንገቷ ሸፍኗት፣ በሕይወቷ ለማታውቀው ሰው ተናግራው የማታውቀውን ረጅም ንግግር ተናገረች። «ጌታዬ፣ እህቴ ታማለች። ሐኪሟ መቼ ጀመራት ስትለኝ ዋሸሁ። ይህ መጋረጃ አይዋሽም። ነገ ጠዋት ሳይወስዷት ለሐኪሟ ላሳየው ነው። ከዚያ እመልሳለሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው የጨርቁን ጠርዝ ያዙ። ዘበኛው ግን ግራ ገብቶት «ቆይ፣ የታመመው መጋረጃው ነው እህትዎ?» አለ።

«ሁለቱም» አለች ትንሿ።

ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። መሰላሉን ራሳቸው ያዙላት፤ ስምንቱንም ክፋይ በማውረድ ግን ላቡ የፈሰሰው ዘበኛው ነበር።

ያን ዕለት ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ባለው ብርሃን ትንሿና ጋሽ እንፋሎት መጋረጃውን በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ እየጎተቱ አዩት። እሷ ዝላዩን በጣቷ ትቆጥራለች፤ እሱ በጠመኔ ይጽፋል። አንደኛው ክፋይ ላይ ምንም የለም፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። ሁለተኛው ምንም። ሦስተኛው ላይ ሁለት ዝላይ። አራተኛው ላይ አምስት። ስምንተኛው ላይ ሠላሳ አንድ።

«ወይ እትዬ!» አለ ጋሽ እንፋሎት፤ ቀልድ አልመጣለትም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ እንፋሎት በመርፌ ቁልፍ ጫፍ ለጫፍ የተያያዙትን ክፋዮች ጥቅል በትከሻው ተሸክሞ፣ ትንሿ ከኋላ ጫፉን ይዛ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ገቡ። ነርሷ «ምንድን ነው ይሄ? አስከሬን?» ብላ አማተበች። ሐኪሟ ከነቡድኗ ወደ እነሱ ስትመጣ ትንሿ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችው ንግግር ከመጀመሪያው ቃል ጠፋባት።  ዞር ብላ ጋሽ እንፋሎትን አየችው። እሱም ጥቅሉን ከትከሻው ላይ አውርዶ በእግሩ ገፋ አደረገው።

መጋረጃው እየተዘረጋ ኮሪደሩን ሞላው። ቁጥር አንድ ከሐኪሟ ጫማ ሥር፣ ቁጥር ስምንት መድኃኒት ቤቱ በር ጋር። በክራንች የቆመ ሕመምተኛ አንድ ጫፍ ያዘ፣ አንዲት ጠራጊ ሌላውን ቀጥ አደረገች፤ ማንም አላዘዛቸውም፣ ግን ሰው ጨርቅ ሲዘረጋ ካየ ጫፍ መያዙ አይቀርም።

«እማማ...» አለች ሐኪሟ።

ትንሿ ጎንበስ ብላ ጣቷን ስፌቱ ላይ አደረገች። «ይህን የሰፋችው ከስምንት ሳምንት በፊት ነው» አለች፤ ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን ወጣ። «ቀጥ ያለ ነው። እዚህ ሲደርስ ዘለለ። እዚህ ደግሞ። ሲቆይ እየበዛ ሄደ። እጇ ነው። እኔ ትናንሾቹን ሥራዎች እየተረተርኩ ደብቄያለሁ። ድሮ አይደለም የጀመራት። ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሐኪሟ እርሳሱን ከፀጉሯ መዝዛ ቁጭ አለች፣ ነጭ ካባዋን ለብሳ መሬት ላይ። ከሦስት እስከ ስምንት በጉልበቷ እየሄደች አየችው። «ይህን ያህል ለመስፋት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብላ በክንዷ ለካች። ትንሿ ነገረቻት። ሐኪሟ የሆነ ነገር አሰላች። ከዚያ ቀጥ ብላ ተነሥታ የእትዬ አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ፣ የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእትዬ ሳትነቅል ቁጭ አለች።

አራት ደቂቃ ሆነ። የእትዬ ቀኝ ከንፈር ሸምቀቅ፣ ክንዷ ነጠቅ አለ። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልቆየም።

«ከዚህ በፊት እንዲህ ስታደርግ ያያችሁ አላችሁ?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ!» አለ ጋሽ እንፋሎት እጁን አውጥቶ። «ትንኝ ነበር ያልኩት። ስህተቴን አምናለሁ።»

ሐኪሟ የማዛወሪያውን ደብዳቤ ከመዝገቡ አውጥታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

የዚያን ዕለት ብዙ ነገር ሆነ። ከእትዬ ክንድ ደም ተወሰደ፤ በደሟ ውስጥ ያለው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ። («እኔ ጨው አትወድም ብዬ ነበር» አለ ጋሽ እንፋሎት፤ ነርሷ አስወጣችው።) ከጀርባ አጥንቷ መሐል በቀጭን መርፌ ፈሳሽ ተቀዳ። አንጎሏ ፎቶ ተነሣ። የአንዱ ምርመራ ውጤት ከሩቅ ስለሚመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሐኪሟ ግን «እሱን ቁጭ ብለን አንጠብቅም» አለች። ከሰዓት በኋላ ትንሿንና ተኳሹን ጠርታ አስቀመጠቻቸው።

«አንጎሏ ተቆጥቷል» አለቻቸው።

«በማን?» አለ ጋሽ እንፋሎት።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ቁስል ሲቆጣ አይታችሁ የለ? ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። አንጎልም ውስጡ እንደዚያ ይቆጣል። እኛ ብግነት እንለዋለን። አንዳንዴ ጀርም ገብቶ ነው። አንዳንዴ ግን ማንም አልገባም፤ ሰውነትን እንዲጠብቁ የተሠማሩት ዘበኞች ይሳሳቱና የቤቱን ሰው ሌባ ነው ብለው ይይዙታል። የእህትዎ ይህኛው ይመስለኛል። እጇ የሚዘልለውም፣ ልኬት የጠፋባትም፣ የሌለ ድምፅ የሰማችውም ከዚያ ነው።»

«ገባኝ» አለች ትንሿ ቀስ ብላ። «ትናንት እኔንም መሰላል ላይ ይዘውኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?» አለ ጋሽ እንፋሎት።

«ዘበኞቹን እናረጋጋቸዋለን። በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት አለ። ተስፋ አለኝ፤ ቃል ግን አልገባም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው የሚጠረጥር፣ የሚያዝን ሁሉ ይህ ነው ያለበት ማለት አይደለም። የአእምሮ ሕመም ሕመም ነው፣ መድኃኒት አለው፣ አያሳፍርም። ግን አንዳንዴ ከጀርባው እንዲህ ያለ መቆጣት ይኖራል፤ እኛም ገና እየተማርነው ነው። ደህና የነበረ ሰው በሳምንታት ውስጥ እንዲህ ከተለወጠ ቶሎ መንገር ነው። መደበቅ አያስፈልግም።»

ትንሿ አንገቷን ደፋች፤ ይህኛው ግን የድሮው መድፋት አይደለም፣ እሺ የሚል ነው።

መድኃኒቱ አምስት ቀን በደም ሥር ተሰጠ። ትንሿ ሁለት የቁልፍ ቆርቆሮ አምጥታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠች። የእትዬ እጅ በነጠቀ ቁጥር አንድ ቁልፍ ከግራው ወደ ቀኙ ታዛውራለች። በመጀመሪያው ቀን ቀኙ ቆርቆሮ ውስጥ ስልሳ ሦስት ቁልፍ ገባ። በሁለተኛው አርባ ስምንት። በሦስተኛው ሃያ። በአምስተኛው ቀን አንድ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ጨብጣ እስከ ማታ ጠበቀች፤ የትም ሳታዛውረው ላብ በላብ አደረገችው። ነርሶቹ ሲያልፉ «እማማ፣ ዛሬ ስንት?» ይሏታል። እሷም ባዶውን ቆርቆሮ ታሳያቸዋለች።

የእጇ መንጠቅ ቆመ እንጂ እትዬ ራሷ ገና አልተመለሰችም ነበር። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጣሪያውን ታያለች። ትንሿንም «እርስዎ» እያለች በትሕትና ታነጋግራታለች። ትንሿን ከያኔው «አንቺ ማነሽ?» ይልቅ ይህ ትሕትና ነበር የሚያስለቅሳት።

ሰባቱ የመጋረጃ ክፋዮች ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሰዋል። ስምንተኛውን ሐኪሟ ለመዝገቡ ፎቶ ልታነሣው ስለፈለገች ክፍሉ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ትንሿም ሲበርዳት ጉልበቷ ላይ ጣል ታደርገዋለች። በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ሳለ ጨርቁ ከጉልበቷ ሲሳብ ተሰማት። ቀና ስትል እትዬ ተቀምጣለች። የመጋረጃውን ጠርዝ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ይዛ፣ ድሮ እንደምታደርገው፣ ስፌቱን እየዳበሰች ትሄዳለች። አንድ ዝላይ ላይ ቆመች። ሌላው ላይ ቆመች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?» አለች።

ቁልፉ ከትንሿ እጅ ወደቀ።

«አልሰማሽም? ይህን ጉድ ማን ነው የሰፋው? እጁ ይሰበር! እንዲህ ያለ ነገር ከእኛ ሱቅ ነው የወጣው?»

«አንቺ ነሽ እትዬ» አለች ትንሿ እንባዋ እየወረደ፣ ጥርሷም እየታየ።

«እኔ? ትንሿ፣ ቀልድ ተማርሽ እንዴ? በይ ምላጭሽን አውጪና ፍቺው!»

ትንሿ ምላጩን ትታ የእህቷን እጅ ያዘች። ስሟን ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነበር።

እትዬ ወደ ቤት ከገባች አሁን ግማሽ ዓመት አልፏል። ኪኒኗን ትውጣለች፣ በየወሩ ሐኪሟ ጋር ትታያለች። ከሩቅ የመጣውም ውጤት ሐኪሟ ያለችውን አረጋገጠ። ያ ሁሉ ሳምንት ከጭንቅላቷ እንደ ተተረተረ ክር ወጥቶ ቀርቷል፤ ሲነግሯት «ኧረ?» እያለች የሰው ታሪክ የምትሰማ ትመስላለች። ልኬትም እንደ ድሮው አይያዝላትም። ስለዚህ ደብተር ገዛች፣ የሰፈሩ ወገብ ሁሉ በአደባባይ ተጻፈ። ጋሽ እንፋሎት አንድ ቀን ገልጦ የራሱን አግኝቶ «መቶ አራት? ይህ የመጋረጃው ልኬት ነው!» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ። ደንበኛ ሲገባም አንዳንዴ እትዬ ደብተሩን ስታገላብጥ ትንሿ ቀድማ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ትላለች። መጀመሪያ ያለች ዕለት ጋሽ እንፋሎት ካውያውን ረስቶ ሸሚዝ አቃጠለ።

ለትምህርት ቤቱ እትዬ አዲስ ስምንተኛ ክፋይ ሰፍታ ላከች፤ ቀጥ ያለ። ዘበኛው ትንሿን መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር «እንዴት ነሽ የኔ ሌባ!» ይላታል።

የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነው። አሮጌውን ስምንተኛ ክፋይ ሐኪሟ «ለተማሪዎቼ ለሁለት ሳምንት ላሳየው» ብላ ተውሳ እስካሁን አልመለሰችውም። እትዬ ደግሞ ጠማማ ስፌቷ በሰው ፊት መዘርጋቱ እንቅልፍ ነሥቷታል።

«ትንሿ፣ ያንን አሳፋሪ ጨርቅ አምጪልኝ» ትላለች በየሐሙሱ፣ ትልቁን ከረጢት እየሰጠቻት። «ይተርተር። ስሜ ጠፋ።»

«እሺ እትዬ» ትላለች ትንሿ።

አንዴ ሄዳለች። የመማሪያ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ ነጭ ካባ የለበሱ ወጣቶች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው፣ አረንጓዴው ጨርቅ ተዘርግቶ፣ አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ስፌቱን በጣቷ ትዳብሳለች። «ሃያ ዘጠኝ... ሠላሳ... ሠላሳ አንድ» አለች። ሐኪሟ «እንግዲህ ቤተሰብ ስትጠይቁ ይህን አስታውሱ» ስትል ትንሿ በሩን ሳታንኳኳ በጣቷ ጫፍ ተመለሰች።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ከረጢቱን አጥፋ ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጥግ ስትደርስ ቆመች፤ ወደ ግራ ሆስፒታሉ ነው፣ ወደ ቀኝ የቁልፍና የክር መሸጫው። የሸሚዝ ቁልፍ ማለቁ ትዝ አላት። ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ።

ወደ ቀኝ ታጠፈች።